ለልጄ ኩታ ስፈትል፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ ከሐዋሳ

ጥር፣ አራስ ቤት

ልሠራው ያሰብኩት ይኼ ነው። ልጄ ሴት ናት፤ ክርስትናዋ በ80 ቀኗ ይሆናል። ለዚያ ቀን የምትታቀፍበትን ልብስ ማጉን፣ ማለትም በተወጠረው ድር መሃል አግድም የሚገባውን ክር፣ በእጄ ፈትዬ ሸማኔ ዘንድ ላሠራው ነው። የተዘጋጀ የሕፃን ጋቢ ያኔ ገበያ ላይ ከ900 እስከ 1200 ብር ይገኝ ነበር፤ ስለዚህ ብር ለመቆጠብ አይደለም። እማዬ ልታርሰኝ ከጎጃም ስትመጣ ከቅቤውና ከበሶው ጋር በአንዲት ሙዳይ ሁለት እንዝርትና የጥጥ መዳመጫ ብረት ይዛ መጣች። አንቺ ስትተኚ እጄ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ ነው አለችኝ። እኔ ያደግኩት እሷ ስትፈትል እያየሁ ነው፤ እንዝርት ጨብጬ ግን አላውቅም። ትምህርት ነበር፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ሐዋሳ ሥራ።

ሌላው ምክንያት ጊዜ ነው። ልጅ ከመጣች ወዲህ ጊዜ የማገኘው በሩብ ሰዓት፣ በሃያ ደቂቃ ነው። መጽሐፍ ስጀምር የት እንደደረስኩ ይጠፋኛል፤ ፊልም ከመሃሉ ይቋረጣል። ፈትል ግን የትም ቢቋረጥ የተፈተለው እንደተፈተለ ይቆያል። ልጅቷ ስታለቅስ ክሩን እንዝርቱ ጫፍ ላይ አንዴ ሸብ አድርጎ ማስቀመጥ ነው፤ ካልታሰረ ተተርትሮ ይፈታል። ስመለስ እዚያው አገኘዋለሁ። እናቶቻችን ይህን ሥራ ከልጅ ማሳደግ ጋር አብረው የያዙት በምክንያት ነው። ቀኑን ሙሉ ለሌላ ሰው ስኖር ውዬ፣ ማታ እንዝርቱ ላይ የወፈረውን ሳይ የኔ የምለው ነገር አገኛለሁ።

መዳመጫው ለጊዜው ሌላ ሥራ ላይ ነው። አራስ ያለ ብረት አትተኛም ብላ እማዬ ትራሴ ሥር አድርጋዋለች፤ ደጅ ብቅ ስልም ብረት እንድይዝ ትፈልጋለች። ለጥጡ ስንፈልገው በድሮ በር ቁልፍ ተካችው።

የፋርማሲ ጥጥ

ገበያ መውጣት ስለማልችል ቤት ባለው ጀመርኩ፤ የሕክምና ጥጥ ጥቅል ነበረን። ንጹሕ ነው፣ ነጭ ነው፣ ፍሬ የለውም። ግን አልተፈተለም። ትንሽ እንደተሳበ ይለያያል፤ የተያያዘውም ጣት ሲነካው ይበጠሳል።

እማዬ አንድ ቁንጥር ወስዳ በሁለት ጣት ሳብ አደረገችና ፀጉሩ አጭር ነው አለች። ነገሩን ሳጣራው ልክ ነች። የሕክምና ጥጥ ፈሳሽ እንዲመጥ ተፈጥሯዊ ሰሙ ታጥቦ የወጣለት፣ ከዚያም የነጣ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሠራውም ከአጫጭር ፀጉር ነው። ክር ደግሞ የሚጠነክረው ፀጉር በፀጉር ላይ ተጠምዝዞ ሲያያዝ ነው፤ የሚያያዝበት ርዝመት ከሌለው ምንም ብታሾሪው አይሆንም። ጥቅሉ ለተገዛበት ሥራ ተመለሰ።

ጥጡ

ባለቤቴ ገበያ ሄዶ ከነፍሬው 1 ኪሎ ጥጥ በ180 ብር ገዛ። የተዳመጠም ነበር፤ እማዬ ግን ከነፍሬው ይሁን አለች። በማሽን የተዳመጠው ታጭቆ ስለሚቆይ እንደገና ማፍታታቱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው ትላለች።

መዳመጫው መሃሉ ወፈር፣ ጫፍና ጫፉ ቀጠን ያለ የብረት ዘንግ ነው። ለስላሳ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ትንሽ ጥጥ ይደረግና ብረቱ ወደፊት ይንከባለልበታል፤ ፍሬው ከፊት ተፈናጥሮ ይወጣል፣ ጥጡ ከኋላ ይቀራል። ድንጋይ አልነበረንም። የወፍጮ ድንጋይ ተዋስን፣ ሸካራ ስለሆነ ፀጉሩን ያዘው። ከቤት ሠሪዎች የተረፈ ቁራጭ እብነ በረድ አገኘን፤ እሱ ደግሞ ከመለስለሱ የተነሳ ጥጡ ይንሸራተታል፣ ፍሬው አይወጣም። በመጨረሻ ባለቤቴ እብነ በረዱን በውኃ ብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገው፤ ትንሽ ሻከር ሲል ሠራ።

አቧራው ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። ሲዳመጥም ሲነደፍም የሚቦነው ብናኝ ለአራስ ልጅ ሳንባ አይሆንም። የምንሠራው በረንዳ ላይ፣ ልጅቷ ውስጠኛው ክፍል በሩ ተዘግቶ ስትተኛ ነው። ማስክ እናደርጋለን፣ ስንጨርስ ልብስ እንቀይራለን፤ ከዚያ በኋላ ነው የማጠባት። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

1 ኪሎው ተዳምጦ ሲያልቅ በወጥ ቤት ሚዛን 340 ግራም ወጣው። ሁለት ሦስተኛው ያህል ፍሬ ነው ማለት ነው። መጀመሪያ ስመዝነው ተጭበርብረናል ብዬ ነበር፤ ልኩ ግን ይኼው ነው፣ ጥጥ ከነፍሬው ሲገዛ የሚተርፈው አንድ ሦስተኛው ገደማ ነው። የምትገዙ ሰዎች ይህን አስቡበት።

ደጋን

የተዳመጠ ጥጥ ገና ጉብጉብ ያለ ነው። ባዘቶ እንዲሆን በደጋን መነደፍ አለበት፤ የደጋኑ ገመድ ጥጡ ላይ እየተመታ ሲንቀጠቀጥ ፀጉሩን ይለያየዋል። ደጋን ስላልነበረን ለመሥራት ወሰንን። ቀስት የሚሆን ጠንካራ ቀጭን እንጨት ከጎረቤት አጥር ተቆረጠ። ገመዱ በድሮ ጊዜ ጅማት ነው፤ እኛ የዓሣ አጥማጅ ናይለን ሞከርን፣ 50 ብር። ቀጭኑ ናይለን ጥጡን ከመፈልፈል ይልቅ ይቆራርጠዋል፣ ይጠላለፍበታልም። ወፍራሙ ሲታሰርና እንጨቱ ጠበቅ ተደርጎ ሲደገን ድምፁ ተለወጠ፤ ዝም ብሎ ከመቧጨር ወጥቶ እንደ ክራር መዝፈን ጀመረ። እማዬ ሥራው ልክ መሆኑን የምታውቀው በድምፁ ነው። ከዚያ በኋላ ባዘቶው ደመና ደመና እያለ ወጣ።

በፀጉር ማበጠሪያ የሚሠሩ ሰዎች ቪዲዮ ላይ አይቼ ሞክሬው ነበር። ይበጥሳል። ተውኩት።

ባዘቶው ቀጠን ባለ እንጨት ላይ ተጠቅልሎ፣ በመዳፍ ተድቦልቡሎ አመልማሎ ይሆናል። የጣት ውፍረት፣ የስንዝር ርዝመት። አንዴ ብዙ አዘጋጅቶ ሙዳይ ውስጥ መደርደር ይሻላል፤ ልጅ ይዤ አመልማሎ መሥራት አልችልም፣ መፈተሉ ግን ይቻላል።

የካቲት፣ ፈትሉ

እንዝርቱን በቀኝ መዳፍ ጭን ላይ ገፋ አድርጎ ማሾር፣ በግራ እጅ አመልማሎውን ከፍ አድርጎ መሳብ። ለየብቻቸው ቀላል ናቸው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግራ እጄ ቀኜን ይጠብቃል። ክሩ እዚህ ወፍራም፣ እዚያ ከመቅጠኑ የተነሳ የማይታይ። እማዬ ብዙ አታስተምርም፤ ዝም ብላ ታያለች። አንድ ጊዜ ግን፣ “አትጎትቺው ልጄ፤ ሹረቱ ይሳበው፣ አንቺ ልቀቂለት” አለችኝ። የተለወጠው ከዚያ በኋላ ነው። ጥምዘዛው ወደ አመልማሎው ሽቅብ እየወጣ ራሱ ፀጉር ይወስዳል፤ የግራ እጅ ሥራ ምን ያህል እንዲወስድ መፍቀድ ብቻ ነው።

ልክነቱን የምለካበት ዘዴ፦ ክንድ የሚያህል ክር ዘርግቼ ሁለቱን ጫፍ አቀራርባለሁ። ክሩ በራሱ ላይ ጥምልምል ብሎ ከተቋጠረ ሹረቱ በዝቷል፤ ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ አንሷል፣ ይበጠሳል። ረጋ ብሎ አንዴ ሁለቴ ዞር ካለ ለማግ ይሆናል።

የቤት ቀሚስ ላይ እንዝርቱ ይንሸራተታል። ከአሮጌ ጂንስ የተቆረጠ ጨርቅ ጭኔ ላይ ሳደርግ በደንብ ይይዛል።

ትልቁ ችግር ድርቀቱ ነው። የካቲት ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ክሩ በየደቂቃው ይበጠሳል፤ ጥጥ እርጥበት ሲያገኝ ይጠነክራል፣ ሲደርቅ ይሰባበራል። እርጥብ ፎጣ ወንበር ላይ ዘርግቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ ብዙም ለውጥ የለውም። ጣትን በውኃ ረጠብ ማድረግ ይሻላል። ከሁሉም የተሻለው ሰዓት መለወጥ ነው፦ ንጋት ላይ ልጅቷ ጠብታ ስትተኛ፣ ፀሐይ ሳትበረታ። ቡናው ተፈልቶ፣ እማዬ በአንዱ እንዝርት እኔ በሌላው። እሷ ስትፈትል ታንጎራጉራለች፣ ቃሉ ግማሹ የልጅ ማባበያ ግማሹ የራሷ ነው። ስልኬን ሙዳዩ ሥር አድርጌ መቅዳት ጀመርኩ፤ አስፈቅጃታለሁ። በየሳምንቱ አንድ ቅጂ ይኖረኛል። ቀኑንና ማን እንደነበረ በፋይሉ ስም ላይ እጽፋለሁ፤ አለዚያ ከወራት በኋላ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም።

እሑድና በዓል እንዝርት አይነካም። የእማዬ ሕግ ነው፤ እኔም ተቀብዬዋለሁ፣ እጅም ያርፋል።

ቅዳሜ፣ አሞራ ገደል

ወጣ ማለት ስጀምር የሳምንቱ ደስታዬ ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ ሆነ። ልጅቷን አዝዬ፣ በባጃጅ፣ ጀልባዎቹ ሲገቡ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች ሰውን ሳይፈሩ አጠገብ ቆመው የዓሣ ሆድቃ ይጠብቃሉ፤ ጉሬዛዎቹ ዛፉ ላይ ናቸው። ትኩስ የዓሣ ሾርባ እጠጣለሁ፣ ቆሮሶ ዓሣ አስፈልፍዬ ለቤት እወስዳለሁ።

አንድ ወጣት መረብ ሲጠግን አየሁ። የተቀደደውን ቀዳዳ በአዲስ ናይለን ይሞላል፤ እያንዳንዱ ዓይን ጥግ ላይ ቋጠሮ አለ። አንዱን ክር አጥፎ ቀለበት ይይዛል፣ ሌላው ከሥር ገብቶ በቀለበቱ ጀርባ ዞሮ በራሱ ሥር ይወጣል። ሲጎተት ይጠብቃል፣ አይንሸራተትም፣ ትንሽ ነው። ይቅርታ ጠይቄ በስልኬ ቀረጽኩት፤ ሁለት ጊዜ ቀስ አድርጎ አሳየኝ። ለምን እንደምፈልገው ሲጠይቀኝ ለጥጥ ክር ነው ስለው፣ “እህቴ፣ ይኼ ለሁሉም ይሆናል” አለኝ።

ቤት ገብቼ እማዬን አሳየኋት። ለማግ አያስፈልግም አለች፤ ማግ ሲበጠስ አይቋጠርም፣ ጫፉን ፈታ አድርጎ ከአመልማሎው ጋር ደርቦ እንደገና ማሾር ነው። ቋጠሮ የሚያስፈልገው ለድር ነው። ይህ በኋላ ሸማኔው ጋ ይመጣል።

ክትባት

የስድስት ሳምንት ክትባቷን ወሰደች። ትኩሳት፣ ለቅሶ፣ እንቅልፍ የለም። ፈትል የለም።

መጋቢት፣ ቡላና ፊቼ

ጎረቤታችን የሲዳማ እናት ናቸው። ከወለድኩ ጀምሮ ቡላ እየላኩልኝ ነው፤ እማዬ የቡላ ገንፎ አታውቅም ነበር። ገብስ ብቻ ነው ለአራስ የምታምነው። እሳቸው ወጥ ቤት ገብተው አሳዩዋት፦ ቡላ እንሰት ተፍቆ ሲጨመቅ ከወጣው ውኃ ሥር የሚዘቅጠው ነጩ ክፍል ነው፤ በቀዝቃዛ ውኃ በደንብ ተበጥብጦ ነው እሳት ላይ የሚወጣው፣ ትኩስ ውኃ ላይ ከተጨመረ ይጓጉላል። ሲበስል ከነጭነት ወደ ብርሃን አስተላላፊነት ይለወጣል፤ ያኔ ቅቤ። ሁለቱ እናቶች በግማሽ ቋንቋ ነው የሚግባቡት፣ ግን ማማሰያው ላይ አንዱም አልጠፋቸውም። እማዬ አሁን ለገብስ ገንፎ ትንሽ ቡላ ትቀላቅላለች፤ እኔ እንዲያውም ይሻላል እላለሁ።

የፊቼ ጨምበላላ ሳምንት ጠሩን። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ነው፤ ቀኑ በየዓመቱ የሚታወቀው አያንቱዎች ከዋክብትን አይተው ሲናገሩ ነው። በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው በ2008 ዓ.ም ነው። ሐዋሳ ስኖር በየዓመቱ በዓሉ በሚከበርበት በጉዱማሌ ጭፈራውን አይቻለሁ፤ ከቤት ውስጥ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ከቆጮና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ በሻፌታ ቀረበ፤ ሁሉም ከአንድ ዕቃ ይበላል። ልጆች በማግሥቱ ቤት ለቤት እየዞሩ አይዴ ጨምበላላ ሲሉ ቡርሳሜ ይሰጣቸዋል።

ጎረቤቴ የነገሩኝ የበዓሉ አመጣጥ ግን ከሁሉም በላይ ይዞኛል። በአፈ ታሪኩ አንዲት የሲዳማ ሴት ነበረች፤ ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿን ልትጠይቅ ቡርሳሜ አዘጋጅታ ትመጣለች፣ ያመጣችውም ለጎረቤት ሁሉ ይከፋፈላል። የሕዝብ ዘመን መለወጫ አንዲት ልጅ እናቷን ልትጠይቅ ከመጣችበት ቀን ተቆጠረ። እማዬ ሲተረጎምላት ዝም ብላ ሰማችና፣ “እኛ ቤት ግን እናት ናት የመጣችው” ብላ ቡርሳሜውን ቆረሰች።

በዚሁ ሰሞን ዝናብ ጀመረ። ክሩ መበጠሱን በግልጽ ቀነሰ፤ ከሰዓት በኋላም መፈተል ይቻላል።

ሸማኔው ጋ፣ የመጀመሪያው ቀን

ሸማኔው ከጨንቻ ነው የመጡት፤ ሽመናን ከአባታቸው ተምረዋል። እነሱ ዘንድ ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። መቀመጫቸው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ነው፤ እግራቸው ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ መርገጫውን በእግር ጣታቸው ይዘው ድሩን ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ፣ መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ይበራል።

ሙዳዩን ከፈትኩላቸው። አራት እጥፍ ጋቢ ነው ያሰብኩት አልኳቸው። ልጅቷን አዩና፣ “ልጄ፣ ይቺ ሐዋሳ ነው የተወለደችው፣ ጨንቻ አይደለም” አሉኝ። አራት እጥፍ ለዚህ አየር ይከብዳታል፣ ያልባታል፤ ሁለት እጥፍ ኩታ ይበቃታል። ትክክል ናቸው። የጤና ባለሙያዋም ሕፃን ከመጠን በላይ እንዳይሸፈን፣ ሲተኛም ልቅ ልብስ ፊቱ አጠገብ እንዳይተው ነግራኛለች። ይህ ልብስ የማቀፊያ ነው፤ አልጋ ላይ አይቀርም።

ልኩ እንዲህ ሆነ፦ ወርዱ 85 ሳንቲ ሜትር፣ የሚሸመነው ርዝመት 2.6 ሜትር፣ ከዚያ ተቆርጦ ለሁለት ይደረባል። ለማግ 150 ግራም ገደማ ይበቃል አሉ። ስለዚህ አራት እጥፍ ቢሆን የሚጠይቀው ፈትል በግማሽ ቀነሰ፤ ለክርስትናው የመድረስ ተስፋ ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው።

ድሩ የፋብሪካ ክር ይሆናል፣ 220 ብር። ዛሬ ብዙው ሥራ እንዲህ ነው፤ ድር በጣም ይወጠራል፣ በየምቱ ይፋተጋል፣ ላላ ያለ የእጅ ክር አይችለውም። ማግ ግን አይወጠርም። የእጅ ማግ ሹረቱ ለስለስ ስለሚል በውስጡ አየር ይይዛል፤ ሙቀቱም ልስላሴውም ከዚያ ነው የሚመጣው።

ከዚያ ልቃቂቶቹን ለዩ። እማዬ የፈተለችው አንድ ግራም 14 ሜትር ገደማ ይወጣዋል፤ የኔ 8። ይህን ቤት በሜትርና በሚዛን ለክቼዋለሁ። በአንድ ልብስ ውስጥ ግማሹ ቀጭን፣ ግማሹ ወፍራም ቢሆን ልብሱ አንዱ ጎኑ ይሳሳል፣ ሲታጠብም ይሸበሸባል። እኔ የኔን ለብቻው ለዳር እናድርገው ብዬ አስቤ ነበር። እሳቸው ግን፣ “የእናትሽንና ያንቺን እያፈራረቅኩ እወረውረዋለሁ፤ አይለይም” አሉ። ሁለት መወርወሪያ፣ በአንዱ የእሷ ቀሰም (ማጉ የሚጠነጠንበት)፣ በሌላው የኔ። ጥቂት ምት የእሷ፣ ጥቂት ምት የኔ። ልቃቂቶቹን ቀሰም ላይ ማጠንጠኑን ለእኔ ሰጡኝ፤ ጠበቅ ብሎ ካልተጠነጠነ መወርወሪያው ውስጥ ይንሸራተትና ይቆላለፋል።

እዚያው ቆሜ ሳለሁ የድር ክር ተበጠሰ። ሸማኔው ጎንበስ ብለው በአንድ እጅ ቋጠሩት። ቀለበት፣ ከሥር፣ በጀርባ፣ በራሱ ሥር። የዓሣ አጥማጁ ቋጠሮ ነው። ቪዲዮውን አሳየኋቸው፤ እሳቸውም ተገርመው ደጋግመው አዩት። የሐይቁ ልጅ ከጨንቻው ሸማኔ አልተማረውም፣ እሳቸውም ከእሱ። መረብም ሆነ ድር የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ትንሽ ሆኖ የማይንሸራተት ቋጠሮ፣ ሁለቱም ጋ ያው መፍትሔ ወጣ። ከዚህ ሁሉ ሥራ ያገኘሁት ትልቁ ግኝት ይህ ነው፤ ለሰው ሁሉ እያሳየሁ ነው።

ጥለትና ዘርፍ

ጥለቱ ቀጭን ይሁን ብያለሁ። ቀይና ሰማያዊ ክር ነበራቸው። ልጅ የያዘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ ስለምትከት ቀለሙን ፈተሽኩ፦ ክሩን በለብ ያለ ውኃ አርሶ በነጭ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ ማሸት። ቀዩ ጨርቁን አቀላው። ሰማያዊው ደጋግሞ ታሽቶም አልለቀቀም። ሰማያዊ ሆነ።

ዘርፍ አልፈለግኩም። ልቅ ክር የሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያቋርጥ ይችላል፤ እናት እስክታይ ድረስ ጣቱ ያብጣል። ሸማኔው ያለ ዘርፍ ኩታ ባዶ ነው ብለው ቅር አላቸው፣ አሳዘኑኝም፤ ግን ጫፉ ታጥፎ ተሰፋ። ስታድግ ዘርፍ ያለው አሠራላታለሁ። የስፌት 100 ብር፣ የሽመናው 700 ብር።

ሚያዝያ፣ እጥበትና ክርስትና

ሲመጣ ትንሽ ደረቅ ይላል፣ ውኃም አይመጥም፤ የጥጡ ሰም ገና አለበት። በሙቅ ውኃና በተራ ሳሙና ዘፈዘፍነው፣ ውኃው ቢጫ ሆኖ ወጣ። እንደገና። ሁለተኛው ሲጠራ በጥላ ተሰጣ። ርዝመቱ ከ1.3 ሜትር ወደ 1.23 ገባ፤ ወርዱም ትንሽ ጠበበ። ይህ ይጠበቃል፤ ስለዚህ ልክ ስትሰጡ ለመግባቱ ጨምሩበት። ከታጠበ በኋላ ማጉ ተነፋ፣ ሌላ ልብስ ሆነ። የእማዬና የኔ ክር የት የት እንደሆነ ፀሐይ ላይ ዘርግቼ ፈለግኩ፤ ሸማኔው እንዳሉት አይለይም።

ለክርስትናው ደረሰ። ገብርኤል፣ ሌሊት፣ ብርድ ነበር። ከጥምቀቱ በኋላ ክርስትና እናቷ በኩታው ተቀበለቻት፣ ውኃውንም በደንብ መጠጠ። ሁለት ጊዜ መታጠቡ እዚያ ላይ ጠቀመ።

ወጪ በድምሩ 1330 ብር፦ ጥጥ 180፣ ናይለን 50፣ አንድ ተጨማሪ እንዝርት 80፣ ድር 220፣ ሽመና 700፣ ስፌት 100። የእማዬ እንዝርቶች፣ መዳመጫው፣ እብነ በረዱና እንጨቱ በነጻ። ተጨማሪውን እንዝርት የገዛነው እማዬ ይዛው ከመጣችው አንዱ ዘንጉ ስለተጣመመ ነው፤ የተጣመመ እንዝርት ሲሾር ይንቀጠቀጣል፣ ክሩ እኩል አይወጣም። ስትገዙ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አንከባላችሁ እዩት።

ሥራ ከገባሁ በኋላ

ከወሊድ በኋላ ያለው የ90 ቀን ፈቃድ አለቀ። አሁን የምፈትለው ንጋት ላይ ጥቂት፣ ቅዳሜ ከአሞራ ገደል መልስ ረዘም ላለ ጊዜ ነው። እማዬ ወደ አገሯ ተመልሳለች፤ ንጋት ላይ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገን ሁለታችንም እንፈትላለን። ሲበጠስብኝ ዝምታዬን ሰምታ ታውቃለች።

የተዳመጠ ጥጥ ተርፎኛል። ቀጣዩ ሙከራ ድሩንም ከእጅ ክር ማድረግ ነው፤ ትንሽ ነገር፣ ለአንገት ልብስ የሚሆን። ለድር የሚሆነው ሹረቱ የበዛ፣ እኩል የሆነ ክር ነው። ጥንካሬውን የምለካው በውኃ ነው፦ ክንድ የሚያህል ክር ላይ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንጠልጥዬ እስኪበጠስ ውኃ እጨምራለሁ። የፋብሪካው ድር ሊትር ሊሞላ ሲል ነው የተበጠሰው። የእማዬ ክር ሦስት አራተኛ ሊትር ያዘ። የኔ ማግ ግማሽ ሊትር አካባቢ፣ ሁልጊዜም የሚበጠሰው ቀጭኑ ቦታ ላይ። ሹረት ጨምሬ የፈተልኩት ትንሽ ከፍ አለ፣ ግን ሲላላ ይቋጠራል። ሸማኔው ሁለቱን ክር ደርበሽ በተቃራኒ አቅጣጫ አሹሪው፣ ያኔ ይረጋል ብለውኛል። በዚህ ሳምንት የማደርገው እሱን ነው፤ ልጅቷ ጠርሙሱ ሲወድቅ ስለምትደነግጥ ከሥሩ ትራስ አደርጋለሁ።